ደመወዝ፦ በስምምነት

ሥራ ፈላጊ ሆይ፣ ጨዋ ሁን። ማስታወቂያው «ደመወዝ፦ በስምምነት፤ ጥቅማ ጥቅም፦ ማራኪ» ካለ አምነህ ተቀበል። ማንን እንደሚማርክ መጠየቅ ነውር ነው።

ጠያቂዎችህ ተደርድረው «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?» ሲሉህ አርቆ አሳቢዎች ናቸው። አንተ ግን ወር ሲያልቅ ምን እንደምታገኝ ካነሣህ «ገና ሳይቀጠር ብር ብር ይላል» ትባላለህ። መጨረሻ ላይ «አንተስ ጥያቄ አለህ?» ይሉሃል። እንዳትሸወድ! ስለ ድርጅቱ ራእይ ጠይቅ፤ ራእይ ወጪ የለውም።

ደላላ ቤት አግዳሚ ላይ የተቀመጠች የቤት ሠራተኛ ሻንጣዋን ሳታነሣ ደመወዙን፣ የልጆቹን ብዛት፣ እሑድ ማረፍ አለማረፏን ትጠይቃለች። ምን ታድርግ፣ አልተማረችም። ማስተርስ ያለው ሰው ግን ሕክምና ይሸፈንለት እንደሆነ ለማወቅ ጥርሱን እስኪያመው ይታገሣል። በግ እንኳ ላቱ ሳይዳበስ አይገዛም፤ እርግጥ በግ ገዢ ጨዋ ነኝ አላለም።

«ታዲያ መቼ ልጠይቅ?» ካልክ፣ በመጀመሪያው ዙር ገና ነው፤ በሁለተኛው ችኮላ ነው። ውል ስትፈርም ደግሞ እስክሪብቶ ጨብጦ መከራከር ደስ አይልም። የሙከራው 60 የሥራ ቀን እስኪያልቅ አንገትህን ደፍተህ ሥራ። ከዚያ ስትጠይቅ «ስትቀጠር ለምን አላነሣኸውም?» ይሉሃል። እውነታቸውን ነው።

አንዳንዴ ቸርነታቸው ሞልቶ ሳትጠይቅ ይዘረዝሩልሃል፦ «የመጀመሪያው ዓመት ላይ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ እንሰጣለን፤ ለጡረታ 11 በመቶ እንከፍላለን፤ ለወላድ 120 ቀን አለን።» እጅ ንሣ። ፈቃዱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ጡረታውም በራሱ አዋጅ የተጣለባቸው ግዴታ መሆኑን አታንሣባቸው። በዚህ ሒሳብ ቀይ መብራት ላይ የቆመ ሹፌርም ለእግረኛው ጥቅማ ጥቅም ሰጥቶታል።

የማውቀው አንድ ጨዋ አራት ዓመት ምንም ሳይጠይቅ ሠራ። ሲለቅ ክሊራንስ ለማስፈረም ቢሮ ለቢሮ ሲዞር፣ የሰው ኃይሏ ልጅ «የሕክምና ካርድህን መልስ» አለችው።

«የምን ካርድ?»

ካርዱን አለመውሰዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ለማጻፍ ሁለት ቀን ተመላለሰ።