የሰኞ ሰው፦ ስለ «ከሰኞ ጀምሮ» በሉማሜ ምሳሌነት የቀረበ ጥናት

ራስን ስለመለወጥ ብዙ ተጽፏል፤ ራስን ለመለወጥ ስለሚያዘው ቀጠሮ ግን እምብዛም አልተጻፈም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ይጥራል። የሚጠናው ፍጡር «የሰኞ ሰው» ይባላል። የሰኞ ሰው ማለት ከሰኞ ጀምሮ ሲጋራ የሚያቆም፣ ከሰኞ ጀምሮ በሌሊት ተነሥቶ የሚሮጥ፣ ከሰኞ ጀምሮ እንግሊዝኛ የሚማር፣ ዕቁብ የሚገባ፣ ስልኩን በጊዜ የሚያስቀምጥ፣ በጠቅላላው ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው የሚሆን ማንኛውም ዜጋ ነው። በመላ አገሪቱ ስለሚገኝ የትም ሊጠና ይችል ነበር። ሉማሜ የተመረጠችው በአቀማመጧ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ያመራል፣ ሌላው ሉማሜን አልፎ ደብረ ማርቆስ ይገባል። የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ሉማሜ እንግዲህ ከመሀል አገር የሚመጣ አዲስ ሐሳብ ሁሉ በደጇ ያልፋል። በዚያው ልክ ዙሪያዋን የጤፍ ማሳ ከቧታል። የሰኞን ሰው፣ ሰኞን ከቁብ ከማይቆጥር ገበሬ ጋር ጎን ለጎን አቁሞ ለማስተያየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

አስቀድሞ የሀብታችን መጠን ይታወቅ። ፈረንጅ በዓመት 52 ሰኞ፣ 12 የወር መባቻና አንድ አዲስ ዓመት አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሦስት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በዚህች ጥሪት እንኳ ሰው ምን ያህል እንደሚነቃቃ አሳይተዋል፤ በሳምንት፣ በወርና በዓመት መግቢያ ላይ ስለ ክብደት መቀነስ ኢንተርኔት የሚያስሰውም ወደ ስፖርት ቤት የሚሄደውም ሰው ይበዛል። የእኛን ቢያዩ ምን ሊሉ ነበር? 13 የወር መባቻ አለን። መስከረም 1 የራሳችን አዲስ ዓመት ነው፤ ታኅሣሥ 23 ገደማ የፈረንጁን እንደርባለን፤ ሐምሌ 1 የበጀት ዓመት ይገባል። «ጾሙ ይፈታና»፣ «ክረምቱ ይውጣና»፣ «በዓሉ ይለፍና»፣ «ሠርጉ ያልቅና» የሚባሉት ገና አልተቆጠሩም። ተደራራቢው ተቀንሶ እንኳ ሕይወትን እንደ አዲስ መጀመሪያ የሚሆን ቀን በዓመት ከ60 አያንስም፤ በዚህ ረገድ ድሃ አገር መባላችን ትክክል አይደለም። ከዝርዝሩ ሥራ ላይ ያልዋለ ቢኖር ጳጉሜን ብቻ ነው። «ከጳጉሜን ጀምሮ» ሲል የተሰማ ሰው የለም፤ ለወር ደመወዝተኛ ደመወዝ በማይከፈልበት ወር ሕይወት አይቀየርም።

የዚህ ጥናት መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ «ከሰኞ ጀምሮ» የሥራ መጀመሪያ አይደለም፤ ራሱን የቻለ፣ ተጀምሮ ያለቀ ሥራ ነው። ሐሙስ ማታ ቡና ላይ ተቀምጦ «ከሰኞ ጀምሮ እሮጣለሁ» ያለ ሰው የሯጭን ክብር ግማሹን እዚያው ይረከባል። አንዱ «በርታ» ይለዋል፣ ሌላው ስለ ጫማ ይመክረዋል፣ ሦስተኛው ለጉልበቱ እንዲጠነቀቅ ያሳስበዋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፔተር ጎልቪትዘር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ አይቷል፤ መሆን የሚፈልጉትን ለሌላ ሰው ያሳወቁ ተማሪዎች፣ በሆዳቸው ከያዙት ይልቅ ለነገሩ የሚያደርጉት ጥረት ቀንሶ ተገኝቷል። መሰማቱ ራሱ የመሆን ያህል አጥግቧቸዋል። ጎልቪትዘር ይህን እንደ ጉድለት ቆጠረው፤ እኛ ግን ቁጠባ እንለዋለን። ሐሙስ ማታ በነጻ የተገኘውን ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በብርድና በውሻ መካከል መግዛት የሚያዋጣ አይደለም። ከዚህም ሌላ የሰኞ ሰው ዕቅድ ከስሕተት የተጠበቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ሌላ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ የተጠየቁ የካናዳ ተማሪዎች በአማካይ 34 ቀን ገምተው 55 ቀን ፈጅቶባቸዋል። እንዲህ ያለው ሐፍረት በጀመረ ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ ነው።

እዚህ ላይ ራስን ማሳደግ የሚያስተምረው አሠልጣኝ እጁን ያነሣል። «ችግሩ የአስተሳሰብ ነው፤ መጀመሪያ አስተሳሰብህን ቀይር፣ ተግባሩ ይከተላል» ይላል። ይህን ሐሳብ ዓለም ያወቀው በአብዛኛው ከካሮል ድዌክ ነው። የስታንፎርዷ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ችሎታ በጥረት ያድጋል ብሎ የሚያምንና ችሎታ ተወልዶ የሚቀር ነው ብሎ የሚያምን ሰው አካሄዳቸው እንደሚለያይ አስረድታለች። አሳቧ ጨዋ ነው። በአዳራሽና በስክሪን ተባዝቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ጥረቱ መንገድ ላይ ወድቆ እምነቱ ብቻ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 አምስት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በዚህ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፣ አስተሳሰብን የሚቀይረው ሥልጠና በተማሪዎች ውጤት ላይ ያመጣው ለውጥ በአማካይ እጅግ ደካማ መሆኑን ጽፈዋል። ለሰኞ ሰው ከዚህ የበለጠ የምሥራች የለም፤ አስተሳሰቡን እንደ ልቡ ሊቀይር ይችላል፣ ኑሮው ላይ የሚደርስ አደጋ የለም።

አሠልጣኙ ብቻውን አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱም ከጎኑ ቆሟል። ከቢፒአር እስከ ካይዘን ድረስ በመጣው የአሠራር ማሻሻያ ሁሉ፣ አንድ ነገር አልሠራ ሲል ግምገማው መጨረሻ ላይ የሚገኘው በሽታ «የአመለካከት ችግር» ነው። ለዚህ ሉማሜን የከበባት የጎጃም ጤፍ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጤፍን በመስመር መዝራት በአገር ደረጃ ዘመቻ ሆነ። በብተና ሲዘራ ለአንድ ሔክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር የሚፈጀው፣ በመስመር ከሆነ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይበቃዋል፤ ምርቱም በእጅጉ ይጨምራል ተባለ። ያመነታው ገበሬ አመለካከቱ እንዲስተካከል ተሰብስቦ ተነገረው። ገበሬው ግን ሌላ ሒሳብ ይዞ ነበር። የጤፍ ፍሬ በጣት መካከል የማትያዝ ናት። ሐምሌ ላይ ጭቃው ጉልበት እየዋጠ፣ ዝናቡ ፋታ ሳይሰጥ፣ አጎንብሶ በመስመር መዝራት በብተና አንድ ሰው የሚጨርሰውን ማሳ ብዙ ሰው ያስይዛል። በኋላ የተሠሩ ጥናቶችም የሚጠይቀው ጉልበት እንደበዛ፣ በገበሬው ማሳ ላይ የታየው የምርት ጭማሪም ከተነገረው እንዳነሰ መስክረዋል። አመለካከቱስ ተቀይሮ ነበር፤ እጁ ነው የጎደለው። (ግምገማ ላይ «የእጅ ችግር» የሚል ዐምድ እስካሁን አልተከፈተም።)

ጥናታችንን የሚያናጋ የሚመስለው ተቃውሞ ከዚሁ ገበሬ የሚነሣው ነው። «ይህ ሰው ሥልጠና ሳይወስድ፣ ማስታወሻ ደብተር ሳይገዛ፣ መሬቱን ደጋግሞ አርሶ፣ ከብት ነድቶ አስረግጦ፣ ቀኑ ሲደርስ ይዘራል። ታዲያ እንዴት አንድም ሰኞ አላስፈለገውም?» ይባላል። ቀላሉ መልስ ገበሬ ቆራጥ ነው የሚለው ነው፤ የከተማ ሰውም ገበሬን ማወደስ ይወዳል። መልሱ ግን ስሕተት ነው። ያው ገበሬ በሌላ ጉዳይ ሲታይ ፍጹም የሰኞ ሰው ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ አንዱ የመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ ነው። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን እንዳያልፈው ከሌሊቱ የሚነሣው ሰው ስለዚህ ጉድጓድ ሲጠየቅ «ከአጨዳ በኋላ» ይላል፤ ከአጨዳ በኋላ «ከውቂያ በኋላ»፣ ከውቂያ በኋላ ደግሞ የሠርግ ወራት ነው። ሰውየው አንድ፣ አእምሮው አንድ፣ አስተሳሰቡም አንድ ነው። የተለየው የቀጠሮው ባለቤት ብቻ ነው። የጤፉን ቀን የያዘው ዝናብ ነው፤ የጉድጓዱን ቀን የያዘው እሱ ራሱ ነው።

ይኸው ነገር በከተማው የሰኞ ሰው ላይም ይታያል። ለሦስት ቀን ቅቤ ለመተው አቅም ያጠረው፣ ሐኪም መክሮት አልሆነለት ያለው ሰው፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አይቀምስም። ረመዳን የሚጾመው ጎረቤቱም ወሩን ሙሉ ቀኑን ያለ ውኃ ይውላል። ማንም አላነቃቃቸውም፤ «ዓላማህን ጻፍ» ያላቸውም የለም። ልኳንዳው ይዘጋል፣ ቤት የሚሠራው ወጥ ሽሮ ይሆናል፣ ጎረቤት ያያል፣ ቀኑንም እነሱ አልመረጡትም። «እንግዲያው ሰው ራሱን መግዛት ይችላል ማለት ነው» ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ጥናቱ ይህን ማስረጃ አይቀበለውም። ራስን ማሳደግ በዘመኑ ትርጉሙ ግለሰቡ የመረጠው፣ ለግለሰቡ የሚጨበጨብበት ለውጥ ነው። ሁሉም ሰው አብሮት ስለሚጾም «55 ቀን ቻልኩ» ብሎ ቡና ላይ ቢናገር በርታ የሚለው አያገኝም፤ ያልተጨበጨበለት ለውጥ ደግሞ በመዝገባችን ቦታ የለውም። ከእምነቱ የመጣ ጽናት ነው የሚልም አለ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይኸው ጽኑ አማኝ «ንስሐ የምገባው ከ…» ብሎ ሲጀምር ቀኑን ራሱ እንዲመርጥ የተተወለት መሆኑን ልብ ይሏል።

አስተሳሰብ ይቀድማል ባዮች የሚጠሩት አንድ ታላቅ ምስክር ከዚሁ አገር አለ፦ ጉዱ ካሣ። ደብረ ማርቆስ አጠገብ የተወለዱት ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ፣ በቢቸና በኩል ባለችው ዲማ አስተሳሰቡን ከሁሉ ቀድሞ የቀየረ እሱ ነው። ክፍያው ምን ነበር? እብድ ተባለ። የአገሩን ባላባት ፊታውራሪ መሸሻን ማርኮ ያሰራቸው ግን የጉዱ ካሣ ትምህርት አልነበረም፤ ተጨማሪ ግብር አንሰጥም ብለው በአበጀ በለው መሪነት የተነሡት ገበሬዎች ናቸው፤ እነሱንም ያስነሣቸው የፊታውራሪ መሸሻ ዘመቻ ነው። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች ልብ ወለዱን ያነበቡት ይመስል ተነሡ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻም አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። ሰው የሞተበት ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ሽሙጥ አይበዛም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው፣ ያን ጊዜም ቀኑን የቆረጡት ገበሬዎቹ አለመሆናቸው ነው፤ ግብር ቀማሹና የመንግሥት ታጣቂው ነጭ ለባሽ ደጃፋቸው ሲደርሱ ቀኑ ደረሰ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከተግባራዊ ሰዎች የሚመጣ ነው። «ይህ ሁሉ ለምን? ሰኞ ካመለጠው ማክሰኞ ይጀምር» ይላሉ። የጉዳዩን ሕግ ካለማወቅ የመጣ ነው። ያመለጠ ሰኞ በማክሰኞ አይተካም፤ በሚቀጥለው ሰኞ ነው የሚተካው፣ በመካከል ያሉት ስድስት ቀናትም የሰኞ ሰው ለውጡን በጸጥታ የሚሰናበትባቸው ናቸው። በግድ መጀመር ካለበት ግን አገሩ የሚያውቀው አንድ ዘዴ አለ፤ ደቦ። አረም የበዛበት፣ አጨዳ የበረታበት ሰው አስተሳሰቡን ሲመረምር አይቀመጥም። ሰኞን ለራሱ አይቀጥረውም፣ ለሃያ ጎረቤት ይቀጥረዋል። ሃያው ሰው ማጭዱን ይዞ በማለዳ ደጁ ሲቆም «ከሚቀጥለው ሰኞ» ማለት የማይታሰብ ነው። የሰኞ ሰው ይህን ዘዴ ለሩጫውም ሆነ ለእንግሊዝኛው ቢሞክረው የሚከለክለው የለም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሰጠው። ሰዎቹ በእርግጥ ይመጣሉ። የመጣ ሰው ደግሞ መብላትና መጠጣት አለበት፤ ጠላ በአንድ ሌሊት አይደርስምና፣ ጌሾው ቢዘገይ ቢዘገይ ማክሰኞ መነከር ይኖርበታል።