«ልጄ፣ የብስ አለቀ?»

ጣና ዳር ሻይ የምንጠጣበት ቤት አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ከምላሳቸው ያመለጠ የለም። ባሕር ዳር ላይ፣ ውሃው ዳር፣ የጥበብ መናፈሻ ይሠራ፤ የሥዕል ማሳያዎቹም ሐይቁ ላይ ይንሳፈፉ ስል ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ የብስ አለቀ?»

«የብስማ ሞልቷል፣ ጋሼ። ዳር ላይ በግንብ የሠሩትን ግን ክረምት ውሃ ይገባበታል፤ በጋ ሐይቁ ሲሸሽ ጭቃ ላይ ይቀራል። የሚንሳፈፈው አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል።»

«ማን ሊያየው? ዓሣ?»

«ኢጣሊያ ውስጥ፣ ኢዜኦ ሐይቅ ላይ፣ ክሪስቶ የሚባል አርቲስት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ220 ሺህ የፕላስቲክ ኩቦች 3 ኪሎ ሜትር የውሃ ላይ መንገድ ዘረጋ። በ16 ቀን ከሚሊዮን በላይ ሰው በነፃ ሄደበት። ያ ሐይቅ እስከ 250 ሜትር ይጠልቃል፤ የእኛ ጣና 15 ሜትር ቢደርስ ነው። መልሕቅ አይቸግረንም።»

«የሌጎሱ ትምህርት ቤትስ? ተንሳፎ ተንሳፎ አልወደቀም?»

«ወደቀ። ማኮኮ ላይ በ256 በርሜል ቆሞ ነበር፤ በዚያው በ2016፣ ጁን ላይ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ፈረሰ። እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው። ተንሳፋፊ ቤት ተመርቆ የሚተው አይደለም፤ ገመዱን በየቀኑ የሚፈትሽ፣ ማዕበል ሲመጣ ወደ ዳር የሚስብ ባለቤት ይፈልጋል። ይህን ደግሞ ከታንኳ ሠሪ በላይ ማን ያውቃል? ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ታንኳውን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆማል። ስለዚህ ንድፉ ሲነደፍ የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪዎች ከአርክቴክቱ እኩል ይቀመጡ። ለምረቃ ቀን ብቻ አይጠሩ።»

«እምቦጭ ሐይቁን እየበላው አንቺ ሥዕል አማረሽ!»

«እምቦጩን የሚቀልበው ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ከከተማ የሚፈሰው ቆሻሻ ነው። ሰው በየቀኑ የሚወርድበት ውሃ ቆሻሻው ቶሎ ይታያል። ማሳያውም የራሱን ፍሳሽ ወደ የብስ ይመልስ፤ ደንገል የበቀለበትን፣ ዓሣ የሚረባበትን ዳር አይንካ።»

«ሥዕል ከሆነ ገዳም ሞልቷል። ጀልባ ያዢና ሂጂ።»

«ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄጃለሁ፤ ሸራ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አይቼ አልጠገብኩም። ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ግን ሴት አያስገባም፣ ጋሼ። ሥርዓቱ ነው፣ አልጥሰውም። እናቴም ከጀልባ ሆና ተሳልማ ነው የተመለሰችው። አባቶች ከፈቀዱ፣ የክብራን የብራና ወንጌል ሥዕሎች ቅጂ በደሴቲቱ ትይዩ ቢንሳፈፍላት በዓይኗ ታያቸው ነበር።»

ዝም አሉ። ስኒያቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡ።

«መግቢያው ስንት ነው?»

«ነፃ።»

«መሸጋገሪያው ይወዛወዛል። ለእናትሽ መደገፊያ አብጂለት።»

«በሁለቱም ጎን፣ ጋሼ።»