በዋልዝ እንጀራ ለመብላት ላሰቡ

የቦልሩም ዳንስ ተወዳዳሪ ለመሆን ከቆረጡ እንኳን ደስ አለዎት። ቤተሰብዎ ደስ ላይለው ይችላል፤ እሱ የቤት ጉዳይ ነው። የእኔ ድርሻ መንገዱን ማሳየት ብቻ ነው።

መንገዱ የሚወስደው ወደ ብላክፑል ነው። ቪየና ወይም ፓሪስ ቢሆን ለወሬም ባማረ ነበር። ብላክፑል ግን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለች፣ ነፋስ የማይለያት የባሕር ዳር ከተማ ናት። የዳንስ ፌስቲቫሏን እ.ኤ.አ. በ1920 ጀመረች፤ ቦታው ዊንተር ጋርደንስ ውስጥ ያለው ኤምፕረስ አዳራሽ ነው። የሙያው ሰዎች ከቶኪዮም ይምጡ ከሞስኮ፣ የሚሳለሙት ያንኑ ወለል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን አጋር ያስፈልግዎታል። ትዳር ቢሆን ሽማግሌ ይላካል፣ የዘር ሐረግ ይቆጠራል፤ የዳንስ አጋር የሚመረጠው በቁመት ነው። ጠባይ በኋላ ይታያል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቀሚሱ ከተሰፋ በኋላ። ከዚያ በየቀኑ ከጎድን አጥንት እስከ ዳሌ ተጣብቀው ሰዓታት ያሳልፋሉ፤ ቢኳረፉም እንኳ። ኩርፊያ ለታንጎ ይጠቅማል፤ ዋልዝ ላይ ያስታውቃል።

ዳንሶቹ 10 ናቸው። ስታንዳርድ የሚባለው ወገን ዋልዝ፣ ታንጎ፣ ቪየኒዝ ዋልዝ፣ ፎክስትሮትና ኩዊክስቴፕ አሉት፤ የላቲን ወገን ደግሞ ሳምባ፣ ቻቻቻ፣ ሩምባ፣ ፓሶ ዶብሌና ጃይቭ። ስታንዳርድ ከመረጡ ጅራታም ኮት ያሰፋሉ። ላቲን ከመረጡ ከውድድሩ ዋዜማ መላ ሰውነትዎን ቡናማ ቀለም ይቀባሉ፤ ነጣ ያለ ቆዳ በመብራቱ ስር አይታይም ይላሉ። እኛን የመሰለ አንባቢ ይህ ወጪ ይቀርለታል። በዚህ ሙያ ውስጥ ፈልጌ ያገኘሁልዎ ቅናሽ ይህ ብቻ ነው። ቀሚሱ ላይ የሚለጠፈው ፈርጥ በሺዎች ስለሚቆጠር፣ ዋጋውን ለባለቤትዎ በአንድ ቀን አይንገሩ። በሳምንት ከፋፍለው ይንገሩ።

ቁጥሩ የሚለጠፈው በወንዱ ጀርባ ላይ ነው። ሴቲቱ ቁጥር የላትም። ዳኛው የወደደው እሷን ቢሆንም የሚጽፈው የሰውዬውን ጀርባ ነው። ቅሬታ ያለዎት እመቤት ካሉ ይጻፉ፤ መልስ ግን አይጠብቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንሂድ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች አንድ ደርዘን ጥንድ በአንድ ጊዜ ወለሉ ላይ ይወጣል እንበል፤ ሙዚቃው የሚቆየው አንድ ደቂቃ ተኩል አካባቢ ነው። ሲካፈል ለአንድ ጥንድ 7 ሰከንድ ተኩል ይደርሰዋል። ዳኛው በዚያች ጊዜ ነጥብ አይሰጥዎትም፤ ለሚቀጥለው ዙር እንዲመለሱ ከፈለገ ምልክት ያደርጋል፣ ካልፈለገ ዝም ይላል። ስለዚህ ከልጅነት ጀምሮ የተማሩትን ሁሉ በ7 ሰከንድ ማሳየት ይልመዱ። ዳኛ በሌለበት ማዕዘን ድንቅ ነገር መሥራት ገንዘብ መበተን ነው። ዳኛው ፊት ሲደርሱ አንገትዎን ያስረዝሙ፤ ካለፉት በኋላ ይተንፍሱ።

ፍጻሜ ከደረሱ ደግሞ ዳኞቹ 6ቱን ጥንዶች ከ1ኛ እስከ 6ኛ ይደረድራሉ። ውጤቱ የሚወጣበት ሕግ ስኬቲንግ ሲስተም ይባላል። በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው የለበትም፤ ስሙ ነው። በዚህ ሕግ አማካይ የሚባል ነገር አይሠራም፤ የሚረታው አብላጫው ነው። 9 ዳኞች አሉ እንበል። አምስቱ 1ኛ ካሉዎት፣ የቀሩት አራቱ 6ኛ ላይ ቢወረውሩዎትም ዳንሱ የእርስዎ ነው። ተፎካካሪዎን አራት ዳኞች 1ኛ፣ አምስቱ 2ኛ ቢሉት፣ ማለትም አንድም የጠላው ሰው ባይኖር፣ 2ኛ ወጥቶ ይገባል። እኔ ይህን ሕግ ካወቅሁ ወዲህ ከጎረቤት ጋር ያለኝ ግንኙነት ራሱ ቀሎኛል። በሁሉም ዘንድ ለመወደድ አይድከሙ፤ አምስት ሰው ይበቃል። አራቱ በግልጽ ቢጠሉዎትም ሒሳቡ ንቅንቅ አይልም።

አምስቱን የት አገኛለሁ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ዳኞቹ በአብዛኛው የቀድሞ ሻምፒዮኖች ናቸው፤ የቀድሞ ሻምፒዮን እንጀራ ደግሞ የግል ትምህርት መስጠት ነው። ማክሰኞ ዕለት ተረከዝዎን ያረመልዎ ሰው ቅዳሜ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊያይዎት ይችላል። ክፉ ሰዎች ይህን በሌላ ስም ይጠሩታል። እኔ ትምህርት ነው እላለሁ። ትምህርት ደግሞ ከአንድ መምህር ብቻ አይቀሰምም፤ አቅም ካለ ከአምስት።

ዘመንዎንም መርጠው ቢወለዱ መልካም ነበር። ዶኒ በርንስና ጌኖር ፌርዌዘር የተባሉ ብሪታንያውያን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የላቲንን የዓለም ሻምፒዮንነት 14 ጊዜ ወስደዋል። በዚያ ዘመን 2ኛ ሆኖ ጉልበቱን የጨረሰ ሰው ምን በደለ? ያም ሆኖ ተስፋ አይቁረጡ፤ የዓለም ዳንስ ካውንስልና የዓለም ዳንስስፖርት ፌዴሬሽን የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች አሉ፤ ሁለቱም የየራሳቸውን የዓለም ሻምፒዮን ያነግሣሉ። በአንዱ ካልቀናዎ ሌላውን በር ያንኳኩ።

ኦሊምፒክን ግን እንዳያስቡት። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ለዳንሱ ፌዴሬሽን ዕውቅና የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ጥንዶቹ ጅራታም ኮታቸውን አስተኩሰው 27 ዓመት ጠበቁ። በ2024 ፓሪስ ላይ፣ በዚያው ፌዴሬሽን አማካይነት፣ ዳንስ ኦሊምፒክ ገባ። የገባው ብሬክዳንስ ነው፤ በቱታና በስኒከር መጥተው በጭንቅላታቸው የሚሽከረከሩት ልጆች።

ገንዘቡስ? ቪክቶር ሲልቬስተር የሚባል የእንግሊዝ ቄስ ልጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1922 ከፊሊስ ክላርክ ጋር ሆኖ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በዚያ አልከበረም። ለዳንስ ፍጥነቱ ልክ የሆነ ሸክላ አጥቶ ቢቸገር፣ በ1930ዎቹ የራሱን ባንድ አቋቋመና አንድም ምት ሳያዛንፍ መቅረጽ ጀመረ፤ ሸክላዎቹ በአሥር ሚሊዮኖች ተቸበቸቡ። ስለዚህ ሻምፒዮን ከሆኑ በኋላ ባንድ ያቋቁሙ።

ባንዱ ካልሆነልዎ አሜሪካ አለ። እዚያ ፕሮ-አም የሚባል ውድድር አላቸው፤ አስተማሪው ከገዛ ተማሪው ጋር ይወጣል፣ የሚዳኘው ተማሪው ነው፣ የመመዝገቢያውንና የአስተማሪውን ውሎ አበል የሚከፍለውም ተማሪው። አንዲት ጡረታ የወጡ ሐኪም በእጅዎ ተደግፈው ፎክስትሮት ሲረግጡ፣ የእርስዎ ሥራ እንዳይወድቁ መያዝና ከልብ የመጣ የሚመስል ፈገግታ ማሳየት ነው። ፈገግታውን ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ይለማመዱ፤ ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ ጉንጭ ይዝላል።

ጉልበትዎ ከእርስዎ ቀድሞ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ እርሳሱ ወደ እርስዎ እጅ ይመጣል። ያን ጊዜ ወለሉ ዳር ይቆማሉ፣ አንድ ደርዘን ጀርባ በፊትዎ ያልፋል፣ የማክሰኞ ተማሪዎም አንገቱን አስረዝሞ ይመጣል። የትምህርት ዋጋዎን መጨመር ካሰቡ ከፌስቲቫሉ በፊት ባለው ወር ይጨምሩ፤ በዚያ ወር የሚከራከርዎት ሰው የለም።