እጅስ አልከዳም

ዒላማ በተተከለ ዕለት ጋይንትም ይሁን ስማዳ ወይም እስቴ፣ ጎረምሳ ተረብ አያጣም።

«አያ፣ ዘንድሮ ድንጋዩ ቆሞ ይጠብቅዎ ወይስ መጥቶ ያግኝዎ?»

«አንተ ታዝለህ ሳለህ እንዲህ ያለውን ስፈነክት እናትህ እልል ብላለች፤ ጠይቃት!»

አያ ለራሳቸው መልሰዋል። የቀረውን እኔ ልመልስላቸው።

«እጃቸው ተንቀጠቀጠ» ላልከው፦ እጁን ተወውና ዓይኑን እይ። በቤልጅግም በክላሽም የሚተኩስ ሰው ሦስት ነገር ባንዴ ማስተካከል አለበት፤ ቅርቡን የማነጣጠሪያ ስንጥቅ፣ አፈሙዙ ጫፍ የቆመችውን ጉጥ፣ ራቅ ያለውን ዒላማ። ሦስቱን እኩል አጥርቶ የሚያይ ዓይን አልተፈጠረም። የወጣት ዓይን ካንዱ ወዳንዱ ቶሎ እየዘለለ ያብቃቃዋል። ከ40 ዓመት ወዲያ ግን የዓይን ሌንስ እየደደረ ቅርቡን መያዝ ያቅተዋል፤ ስንጥቁ ይደበዝዛል፣ ጉጧም ትዋልላለች። ዕድሜ ከሰጠህ ላንተም አይቀርልህ!

«እንግዲያ ጠመንጃውን ለልጅ ያውርሱ» ላልከው፦ አትቸኩል፣ ስንጥቁ በቀዳዳ ይተካል። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የያዘው አሜሪካ ሠራሽ ኤም ዋን ጠመንጃ ከኋላው ያለው ትንሽ ክብ ቀዳዳ ነው። ተኳሹ ቀዳዳዋን ልያት አይልም፤ በውስጧ አሻግሮ ጉጧን ብቻ ይይዛል፣ መሀሉን ዓይን ራሱ ያገኘዋል። የሦስቱ ሥራ ሁለት ሆነ ማለት ነው። ጠባብ ስለሆነችም ከዳር የሚገባውን ብርሃን ታስቀራለች፤ ቅርቡም ሩቁም ይጠራል። ሲመሽ ብቻ ታስቸግራለች፣ ብርሃን ትነሳለችና።

«ወሬ ነው» ላልከው ደግሞ፦ ወረቀት በመርፌ ብሳና ለአባትህ ስጥ። መነፅራቸውን አውልቀው፣ ቀዳዳዋን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው፣ በደህና ብርሃን ዳዊታቸውን ይዩባት። የተድበሰበሰው ፊደል ሲጠራ ራሳቸው ይነግሩሃል።

የዓይን ሐኪምም በዚችው ቀዳዳ ይፈትናል። በቀዳዳ የጠራለት ሰው ብዙውን ጊዜ መነፅር ይበቃዋል። ካልጠራለት ሞራ ወይም ሌላ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ እዚያ ላይ የጠመንጃ ነገር ይቆየን። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያሉበት ደቡብ ጎንደር ትራኮማ የጠናበት አገር ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ሲፍቀው የሚኖር ስንት ሰው አለ! የታጠፈው በቀላል ቀዶ ሕክምና ይቃናል፣ ሞራም ይወጣል። ብሌኑ ላይ ጠባሳ ከጣለ በኋላ ግን የጠፋውን ብርሃን መመለስ ከባድ ነው።

ለአያም አንድ ቃል አለኝ፦ ከዒላማው ኋላ የቆመውን ሰው መለየት ካቃተዎ ቃታ አይሳቡ።

አንተም ጎረምሳው፣ ተረብህን ጨርስና ነገ አያን ይዘህ፣ ደብረ ታቦር ድረስም ቢሆን፣ ዓይናቸውን አስመርምር።