አቅልና የግመል ገመድ

ዐረብኛ የሚማሩ ሰዎች የሚቀባበሏት ቀልድ አለች፤ እያንዳንዱ ቃል አንድ ፍቺ፣ የዚያ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ፍቺ፣ በዚያ ላይ ግመልን የሚመለከት ሦስተኛ ፍቺ አለው ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ ማጋነን ናት፤ ዐ-ቀ-ለ የሚባለው የቃላት ሥር ላይ ስትደርስ ግን እውነት ይቀናታል። ግመሉን አንበርክኮ የፊት እግሩን እንደታጠፈ ጉልበቱ ላይ በገመድ መጠፍነግ «ዐቀለ» ይባላል፤ ገመዱም «ዒቃል» ነው። እንዲህ የተቀየደ ግመል ቢነሣ እንኳ በሦስት እግሩ ሲያነክስ ይውላል እንጂ ሩቅ አይሄድም። «ዐቅል»፣ ማለትም አእምሮ፣ የዚሁ ገመድ ወንድም ነው። «አቅሉን ሳተ» የምንለውም ይኸው ቃል ወደኛ ተሻግሮ ነው። እንግዲህ አቅሉን የሳተ ሰው በሥሩ ከሄድን ገመዱን በጥሶ የፈረጠጠ ግመል ነው።

ይህ ሥር አእምሮን የሚያየው እንደሚያበራ መብራት ሳይሆን እንደሚይዝ ገመድ ነው ባይ ነኝ፤ ዘመዶቹም ይመሰክራሉ። «ሙዕተቀል» የእስረኞች ማጎሪያ፣ «ማዕቂል» ሰው ተጠግቶ የሚድንበት ምሽግ ነው። የነፍስ ካሳም «ዐቅል» ይባል ነበር፤ የገዳዩ ወገን ለአንድ ነፍስ 100 ግመል ነድቶ ከሟች ቤተሰብ ደጅ ያስር ነበርና። ከሁሉ የምወዳት ግን «ዐቁል» ናት፤ ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒት። ፈላስፋው ሐሳብን፣ መድኃኒቱ ሆድን ይቋጥራል። ክብሩ ሁሉ ለፈላስፋው መሰጠቱ አግባብ መሆኑን ሌሊቱን ሲመላለስ ያደረ ሰው ይፍረድ። የባሕረ ሰላጤው ወንዶች ከራስ ሻሻቸው ላይ የሚያደርጉት ጥቁር ድርብ ገመድም ያው «ዒቃል» ነው፤ አንዱ ከራስ ቅል ውስጥ፣ አንዱ ከላይ፣ ለጥንቃቄ።

«የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ነው፤ ልጁን ዐቅል የለህም ብሎ የሚቆጣ የካይሮ አባት ግመል ትዝ አይለውም» የሚል ይኖራል። አይለውም። እኛስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ስንል መቼ ጠፍር ትዝ ይለናል? ዓረፍተ ነገሩ ግን ያለ እሱ ይበተናል። ከበድ የሚለው ተቃውሞ፣ የማይተዋወቁ ቃላት ፊደላቸው ስለገጠመ ብቻ ዘመድ ይደረጋሉ የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ይደረጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1004 ያረፈው የዐረብኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ኢብን ፋሪስም የሥሮችን መነሻ ፍቺ ሲለቅም ለብዙዎቹ ሁለትም ሦስትም መነሻ ከመስጠት አልተቆጠበም። ለዚህኛው የሰጠው ግን አንድ ብቻ ነው፤ መያዝ፣ ማገድ። «ዐቂላ» የምትባለውም ድሮ በእልፍኝ ተሸሽጋ የምትጠበቅ የተከበረች ሴት ነበረች፤ ዛሬ በዐረብኛ ዜና የፕሬዚዳንት ባለቤት የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። ከባልና ከሚስት ገመዱ የትኛው፣ ግመሉ የትኛው እንደሆነ መዝገበ ቃላቱ ዝም ብሏል።