ወራጅ አለ

በመሥሪያ ቤታችን ሰርቪስ ቀድሞ መውረድ የሚወድ የለም። ከአራት ኪሎ ተነሥተን ሾላ ስንደርስ የመዝገብ ቤቷ እትዬ «ደህና እደሩ» ብለው ይወርዳሉ። በሩ ገና ሳይዘጋ ከኋላ ወንበር «ሐሜት አይሁንብኝና…» የሚል ድምፅ ይሰማል። እስከ መገናኛ አጀንዳችን እሳቸው ናቸው። መገናኛ ላይ የግዥ ሠራተኛው ይወርዳል፤ እስከ ጉርድ ሾላ ተራው የእሱ ነው። ጉርድ ሾላ የምወርደው እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚባል አላውቅም። ራት ላይ ምላሴን ስነክስ ግን መኪናው ሲኤምሲ አካባቢ መድረሱን እገምታለሁ።

እስከ አያት የሚዘልቁት ሁለት የሒሳብ ክፍል ሴቶች ናቸው። በመሥሪያ ቤቱ እንደ እነሱ የሚዋደድ የለም። አንዷ ስትታመም ሌላዋን ያማታል፤ ምሳቸው እንኳ ከአንድ ሳህን ነው። ለምን አይዋደዱ? አንዷ ሌላዋን የምታማበት ፌርማታ የላቸውም!

ጠባያቸው ገጥሞ እንዳይመስላችሁ። ያገናኛቸው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው። ሁለቱም የ1997 ዓ.ም. ተመዝጋቢዎች ናቸው። አንዷ ቀበና ተከራይታ ከሁላችን ቀድማ በምትወርድበት ዘመን ዓይንና ናጫ ነበሩ። ዕጣው አያት ላይ ሲጥላቸው በማግስቱ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በአንጻሩ አበልጅ የነበሩ ሁለት ባልደረቦቻችንን ይኸው ዕጣ አለያያቸው። አንደኛው ጀሞ ደርሶት ወደ ሌላው ሰርቪስ ተዛወረ። ወሩ ሳይሞላ፣ ልጁን ክርስትና ያነሣለት ሰው የእሱን የብድር ታሪክ ከነወለዱ ሲተርክልን ሰማን።

ስለ ወሬና ወዳጅነት የጻፈ ሮቢን ደንባር የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር አለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰሜን ተራሮች ላይ የእኛኑ ጭላዳ ዝንጀሮ ያጠና ነበር። ጭላዳዎች ቁጭ ብለው አንዱ የሌላውን ፀጉር እየፈተሹ ወዳጅነታቸውን ያጸናሉ። ሰውየው በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው ልጅ መንጋው ሲበዛበት ፀጉር መፈተሹ አላዳርስ ስላለው በምትኩ ወሬን አመጣ ይላል። በእጅ የሚፈተሸው አንድ ለአንድ ነው፤ አንድ ተናጋሪ ግን ሦስት አድማጭ ይይዛል። ብርዱን ችሎ ሰሜን ድረስ ምን አለፋው? አራት ኪሎ ላይ ቢሳፈር ኖሮ መጽሐፉን አያት ሳይደርስ በጨረሰው ነበር። የእኛ ሰርቪስ ከጭላዳው የሚለየው፣ የሚፈተሸው ሰው በቦታው አለመኖሩ ብቻ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሐሜት መያዣ ነው። አለቃችንን ለአንቺ ለባልደረባዬ ሳማልሽ ነገ ብታወጪብኝ እንጀራዬ እንደሚቆም አውቄ ነው። አንቺም መልሰሽ ታሚልኛለሽ፤ በዚህ ተማመንን። ስለዚህ ሐሜተኛን የሚፈራ የለም። የሚፈራው ሰምቶ ሰምቶ አንዲት ነገር ሳይጨምር የሚወርድ ሰው ነው። አንድ አዲስ ተቀጣሪ እንዲህ አድርጎን ነበር፤ ፈገግ እያለ ብቻ ያዳምጣል። ጆሮ ጠቢ ነው ተባለና ሰርቪሱ ሙሉ ስለ ጤፍ ዋጋ ብቻ ማውራት ጀመረ። ጤፍም ስንት ቀን ይወራል? በመጨረሻ አንድ ማታ በረጅሙ ተንፍሶ «ይኼ አለቃችን ግን…» አለ። ከፊት ያሉት ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። በማግስቱ ማኪያቶ የሚጋብዘው ሰው በዛበት።

ሾፌሩን ግን ማንም አይጠረጥረውም። አያት ላይ የመጨረሻዎቹን አውርዶ ባዶውን መኪና እየነዳ ለገጣፎ ወዳለው ቤቱ ይሄዳል። ወሬው ሲደምቅ ሬዲዮኑን ዝቅ ከማድረግ በቀር አንድም ቃል ወጥቶት አያውቅም።

ባለቤቴ ሰሞኑን ሾላ አካባቢ፣ ያውም በርካሽ፣ ቤት አገኘሁ ብላ በደስታ ነገረችኝ። በምን አፌ እሺ ልበላት? ከመዝገብ ቤቷ እትዬ ጋር ልውረድ? ቅዳሜ ሹልክ ብዬ ከአያትም አልፌ ለገጣፎ ሄድኩ። ደላላው ቤቱን እያሳየኝ የት እንደምሠራ ጠየቀኝ። የመሥሪያ ቤቴን ስም ስነግረው ቁልፉን እንደያዘ ዞር ብሎ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ፊቱ በራ።

«እንዴ! የጉርድ ሾላው እርስዎ ነዎት?»