የአባት ሰዓት፦ ዓይነቶቹ፣ ባሕርያቱና ሕመሞቹ

የአባት ሰዓት ማለት ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ማንም እንዳይነካው የተከለከለ፣ ባለቤቱ ካረፈ በኋላ ደግሞ ልጆቹ ሁሉ «ለእኔ ነው ያለው» የሚሉት የእጅ ጌጥ ነው። ጊዜ መቁጠሩ ተጨማሪ አገልግሎቱ ነው። ከቤት ዕቃ ሁሉ ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ ይህን ያህል ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ስለሌለ በሥርዓት ሊጠና ይገባዋል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 842 ልጆች እኩል ይወርሳሉ ይላል። ቤት በካሬ፣ ገንዘብ በብር፣ ላም ተሸጣ ትከፈላለች። ሰዓት ግን ለአራት ልጆች ቢከፈል ለአንዱ ማሰሪያው፣ ለአንዱ መስታወቱ፣ ለአንዱ ቆጣሪዎቹ፣ ለመጨረሻው ደግሞ «ስንት ሰዓት ነው?» የሚለው ጥያቄ ይደርሰዋል። ስለዚህ ነገሩ በክርክር ያልቃል። ተከራካሪዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው የበኩር ልጅ ነው፤ ማስረጃው ቀድሞ መወለዱ ነው። ሁለተኛዋ ያስታመመችው ልጅ ናት፤ ማስረጃዋን ሁሉም ስለሚያውቀው አትናገርም፤ ባለመናገሯም ብዙ ጊዜ ትረታለች። ሦስተኛው ለተዝካሩ ከዋሽንግተን የመጣው ነው፤ እሱ ሰዓቱን አይፈልገውም፤ ዋጋውን ግን በስልኩ አይቶታል።

ሰዓቱ የሚገኘው ከቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ ከካፖርት አዝራርና የየትኛው በር እንደሆነ ከማይታወቅ ቁልፍ ጋር ነው። ሁልጊዜም ቆሞ ይገኛል። እናት የቆመበትን አይታ «ያረፈበት ሰዓት ነው» ትላለች። በሳይንሱ ግን በክንድ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ሰዓት ከእጅ ከወለቀ በኋላ አርባ ሰዓት ያህል ይሄዳል። ባለቤቱ ከተቀበረም በኋላ ሲሠራ ቆይቶ፣ የራሱን አርባ አውጥቶ ነው የቆመው ማለት ነው። ይህ ግኝት ለእናቶች አይነገርም።

በስም በኩል ምደባው አጭር ነው። ኦሜጋ ያለው ቤት ስለ ኦሜጋው ያወራል፤ ሌላው ቤት ሲኮ ፋይቭ አለው። ሲኮ ፋይቭ ባትሪ አይሻም፤ ቁጥሩንና ዕለቱን በአንድ መስኮት ያሳያል። ብዙዎቹ ዓይነቶቹ መሙያቸውን ቢያዞሩት ስለማይሞሉ መወዝወዝ አለባቸው፤ አባት በጠዋት ክንዱን ሲወዘውዝ ያየ እንግዳም ከማን ጋር ተጣልቶ እንዳደረ ይጠይቃል። ከጅዳ የመጣው ደግሞ ዕለቱን በአረብኛ ያሳያል። በዚህ ምክንያት አንድም የአረብኛ ፊደል ያልቆጠረ አባት ዓርብን በቅርጿ ለይቶ ያውቃታል፤ ጾም ነውና።

በአሞላል በኩል ሁለት ወገኖች አሉ። በአየር መንገድ፣ በባንክ ወይም በኤምባሲ የሠራ አባት ሰዓቱን በፈረንጅ ሞልቶ በሐበሻ ያነባል፤ ቆጣሪው 7 ላይ ሲሆን ዓይኑ ማዶ ተሻግሮ 1ን ያያል፤ «አንድ ሰዓት» ይላል። የተቀረው አባት ሰዓቱን በቀጥታ በሐበሻ ይሞላል፤ ማዶም አይሻገርም። በዚህ ማንም ተጣልቶ አያውቅም። ጠቡ ያለው በ3 ቁጥር አጠገብ፣ ምስር የምታክለው የቀን መስኮት ላይ ነው። ስለዚህች መስኮት የሚገባትን ያህል ስላልተጻፈ ጥናታችን እዚህ ይቆያል።

ከመስኮቷ ሥር የምትዞረው ቀለበት ላይ ከ1 እስከ 31 ተጽፏል። አባት ደግሞ ወር 30 ቀን እንደሆነ፣ በዓመቱ መጨረሻም ጳጉሜን የምትባል የ5 ቀን ወር እንዳለች ያውቃል። ቀለበቷ ለአባት አትታዘዝም፤ አባትም ለቀለበቷ አይሸነፍም። ከዚህ አለመግባባት ሦስት ዓይነት አባቶች ይወለዳሉ። የመጀመሪያው ቀኑን የተወው ነው፤ መስኮቱ ያሻውን ቢል አይመለከተውም። ሁለተኛው የፈረንጅ ቀን ይከተላል፤ ስለ እሱ የሚባል የለም። ሦስተኛው ሰዓቱን በሐበሻ ቀን የሚያስኬደው ነው፤ የምናከብረውም የምንቸገርበትም እሱን ነው።

ሦስተኛው አባት በየወሩ 30 ሲያልቅ መስኮቱ 31 ስለሚል አንድ ቀን ወደፊት ይገፋዋል። ይህ በዓመት 12 ጊዜ ነው፤ ቀላል ነው። ጳጉሜን 5 አልቃ እንቁጣጣሽ ስትጠባ ግን መስኮቱ በድፍረት 6 ይላል። መስከረም 1 ለማድረስ ከ6 እስከ 31፣ ከ31 ወደ 1፣ በድምሩ 26 ቀን መግፋት ያስፈልጋል። በዘመነ ሉቃስ መውጫ ጳጉሜን 6 ስትሆን 25 ይበቃል፤ ባለ ሰዓት አባቶች ሉቃስን የሚወዱበት ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ቀኑን ለብቻው የሚገፋ ስልት በሌላቸው የቆዩ ሰዓቶች ደግሞ አንዷን ቀን ለማለፍ የደቂቃ ቆጣሪው 24 ጊዜ መዞር አለበት፤ ለ26 ቀን 624 ዙር ይሆናል። ልጆች በአበባየሆሽ ደጁን ሲያንኳኩ አባት ገና መስከረም ሊጠባበት ጥቂት መቶ ዙር ይቀረዋል።

ሦስተኛው አባት ራሱ ለሁለት ይከፈላል። ቀለበቷ የምትዞረው ቆጣሪዎቹ 12 ላይ ሲገጥሙ፣ እሱም በየሁለተኛው 12 ስለሆነ፣ በሐበሻ በተሞላ ሰዓት ቀኑ ወይ ከምሽቱ 12 ወይ ከንጋቱ 12 ይለወጣል። ምሽት የሚያስለውጡት የዋዜማ ወገን ይባላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን በዓልን ከዋዜማው ማታ ትጀምራለችና ምስክራቸው ጠንካራ ነው። ንጋት የሚያስለውጡት የፀሐይ ወገን ናቸው፤ «ሳይነጋ ምን ቀን አለ?» ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የፈረንጁን፣ በእኩለ ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ቀን የሚለውጠውን ልማድ ይንቃሉ።

የመስኮቷ ሕመምም ከዚህ ይመነጫል። ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለበት ጊዜ፣ 12ን ከፊትና ከኋላ ሲያዋስን፣ ጥርሶቹ ቀኑን ለመለወጥ ተያይዘው ስለሚቆዩ ቀኑን በእጅ መግፋት ጥርስ ይሰብራል። ለፈረንጅ ይህ የእንቅልፍ ሰዓት ነው። ለፀሐይ ወገን ግን ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ነው፤ አባት ዳቦው ከመቆረሱ በፊት ቀኑን ሊያስተካክል መነጽሩን ያደረገበት የእንቁጣጣሽ ማለዳ ማለት ነው። በአባቶች ሰዓት ውስጥ የተሰበረ የቀን ጥርስ ሲገኝ ጥናታችን የሚጠረጥረው ክፉ ዕድልን ሳይሆን አዲስ ዓመትን ነው።

ሀብትም ከዚህ አያድንም። የጃንሆይ የነበረው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል በባለቤትነት ክርክር ተነሣ፤ በ2017 ከሁለት ሚሊዮን ተኩል የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። ይህ ሰዓት የጨረቃን መሙላትና መጉደል ያሳያል፤ የትኛው ወር 30፣ የትኛው 31 እንደሆነ፣ ፌብሩዋሪም መቼ 28 መቼ 29 እንደምትሆን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ጳጉሜን ግን አያውቅም።

አሁን ወደ ሕክምናው። ሰዓት ሠሪ የሚገኘው ሌላ ሱቅ ሊሆን በማይችል ቦታ ነው፤ ከደረጃ ሥር ወይም በፎቶ ቤትና በወርቅ ቤት መካከል፣ አንድ ሰው ተቀምጦ በሚሞላው የመስታወት ሳጥን ውስጥ። ሰዓት ሠሪው ፒያሳ የነበረና የሰፈሩ ከፊል በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ የተነሣበት ደንበኛ «ከእገሌ ሱቅ ጎን» ተብሎ ይላካል፤ የእገሌ ሱቅም የለም።

ሲገኝ ሰዓቱን ተቀብሎ ከጆሮው ያስጠጋል። ክዳኑን ይከፍታል፤ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ይሰካል፤ ዝም ይላል። ዝምታው በረዘመ መጠን ዋጋው እንደሚጨምር ደንበኛው ስለሚያውቅ ሊያቋርጠው ይሞክራል፤ አይሳካም። ከዚያ «ይችን ማን ነው የነካት?» ይላል። ይህ ጥያቄ የሙያው ግዴታ ነው። ከዚህ በፊት የነካት ሰው ምንጊዜም አላዋቂ ነው። ሰዓት ሠሪዎች ግን ከክዳኑ ውስጥ በመርፌ ጫር አድርገው ምልክታቸውንና ቀኑን የመተው ልማድ ስላላቸው አልፎ አልፎ አሳፋሪ ነገር ይገጥማል። ማጉያው ወደ ጭረቱ ይጠጋል፤ ይርቃል፤ እንደገና ይጠጋል። «በእርግጥ በደንብ ተሠርታ ነበር» ይላል።

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኦሪጅናል ናት» ይላል። ይህ ምስጋና ይመስላል፤ የሒሳብ መግቢያ ነው። «አባቴ ናቸው የተዉልኝ» ለማለት የከጀለ ደንበኛ ቢታገስ ይመከራል፤ ዋጋው ላይ ይደመርበታልና። በመጨረሻም «ታጥባ አታውቅም» ይላል፤ እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ማጠብ ማለት እያንዳንዱን ጥርስ ፈትቶ፣ የደረቀውን ዘይት በቤንዚን አስለቅቆ፣ መልሶ ገጥሞ፣ በመርፌ ጫፍ ጠብታ ዘይት መስጠት ነው። ዘይት የደግነት ጉዳይ አይደለም፤ ከበዛ ራሱ ሕመም ነው። ውስጥ የምትመላለሰው ቀጭን ጎማ በሲኮ ፋይቭ በሰዓት 21,600 ጊዜ፣ በቀን 518,400 ጊዜ ትወዛወዛለች። ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ መታጠብ ነበረባት። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ራሱ ሐኪም ቤት በሽማግሌ ተለምኖ በሚሄድበት ቤት ሰዓቱ ቀድሞ ሊታከም አይችልም።

«ሐሙስ ና» ይባላል። ስለ ሐሙስ ዓይነቶች የተለየ ክፍል አዘጋጅተን ነበር፤ ሐሙስ የኖረው ሁሉ ስለሚያውቃቸው ትተነዋል።

የተጠገነ ሰዓት የሚፈተነው በእናት ነው። እናቴ ሰዓቱን ከእጄ ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደችው።

«ይኼ የእሱ አይደለም። ቀይረውብሃል።»

«መስታወቱ ነው የተለወጠው፣ እማዬ። ተጭሮ ስለነበር።»

«አጥር ሲያጥር ነው የጫረው። ሆዱንስ አይተኸዋል? ሆዱን አውጥተው የሌላ ቢከቱበትስ?»

ምልክቱን፣ ቀኑን፣ የቀን ጥርሱ መለወጡን አስረዳኋት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠች።

«ይቀድማል?»

«አይቀድምም። ልክ ነው። በቀን ከአሥር ሰከንድ አያልፍም ብሎኛል።»

«አላልኩህም? የአባትህ አምስት ደቂቃ ይቀድም ነበር። ስብሰባ እንዳይረፍድበት። በል አስቀድመው።»

ምደባው እዚህ ላይ አገልግሎቱን ጨርሷል። ሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ እየሄደ ነው። ሰዓት ሠሪው በማጉያ ጎንብሶ ያገኛትን ልክ ምን እንዳደረግናት የሚነግረው ደፋር ተመራማሪ ይፈለጋል፤ ሐሙስ ቢሄድ ያገኘዋል።